ብየዳ የማይዘው ሳይክል

«ኧረ ጉድ! ይሄ ነገር ብረት አይደለም እንዴ?»

በያጁ ጋሽ ቶለሳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አፈገፈጉ። ሚልካ ክው አለች። ብየዳው የነካው የሳይክሉ ፍሬም እንደ ብረት በመቅላት ፈንታ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ብቅ ያለው የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ክር ነበር።

ዊንጌት አካባቢ ያደገ ሰው በብየዳ የማይድን ነገር አለ ብሎ አያስብም። በር ቢገነጠል፣ አልጋ ቢሰበር ጋሽ ቶለሳ አሉ። ሚልካም ትናንት የብስክሌት ክለባቸውን ሳይክል ሳታስፈቅድ ወስዳ ከድንጋይ ጋር ስታላትመው፣ ፍሬሙ ላይ የታየው ስንጥቅ ፀጉር አያክልም ነበርና «አንዴ ነካ ቢያደርጉት ያልቅለታል» ብላ ነው በድብቅ ይዛው የመጣችው።

አሠልጣኙ ስለዚህ ሳይክል ተናግሮ አይጠግብም። ካርቦን ፋይበር ነው፤ እጅግ ጠንካራ ክር በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ። በአንድ እጅ ብድግ ይላል፤ የቁስቋምን ዳገት እንደ ሜዳ ያስወጣል። «ግን ልብ በሉ» ይል ነበር፣ «ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፤ ያስጠነቅቃችኋል። ይሄ አይጎብጥም። አንዴ ከተሰነጠቀ ሳይታሰብ ነው ለሁለት የሚሰበረው።» ሚልካ ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ ማስቲካዋን ታኝክ ነበር።

ጋሽ ቶለሳ ከተቃጠለው ራቅ ብለው፣ ደህና በሚመስለው በኩል በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ቀጭ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

«ኢየሱስ!» አለች ሚልካ ሳታስበው። ቀጥላም «ጋሼ፣ ስቱኮ ሞልተው ጥቁር ቀለም ቢቀቡልኝስ? ላይ ላዩን...»

«መቀባቱማ ቀላል ነው። ነገ የሚነዳው ማነው?»

በዚህ መሃል የሚልካ ስልክ ጮኸ። ርሆቦት ናት፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያልተለየቻት ጓደኛዋ።

«ሚሉዬ! ነገ ለውድድሩ መመረጫ የኔ ተራ ነው እኮ። በዚያች ሳይክል ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልነካ ነው የምለቀው! እማዬም ታች ቆማ ልታየኝ ነው። ጸልዪልኝ በቃ።»

ሚልካ አጠገቧ የነበረ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ጋሽ ቶለሳ በጣታቸው ካጎደጎዷት ቦታ አልነቀል አለ። ከክለቡ መባረር ከሞት የከፋ መስሏት ነበር፣ እስካሁን ድረስ።

«ርሆ» አለች፣ «ቤት ነሽ? እየመጣሁ ነው።»

ጋሽ ቶለሳ ባዶ ማዳበሪያ አነሱላት። «መንገድ ላይ ሰው እንዳያይብሽ ሸፍኚው።»

«አይ ጋሼ፣ ይታይ።»

የተቃጠለውን ጎን ወደ ውጭ አዙራ ሳይክሉን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ ርሆቦት ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።