ጨው ያወጣው ጋቢ

የምንጩ ጠባቂ የደሳለ ሬሳ ከሲሚንቶው የውሃ ማጠራቀሚያ ሲወጣ፣ ፀሐይ ከገነተ ማርያም በላይ ካለው ተራራ ከፍ ብላ ነበር። ጋቢው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተዘርግቷል። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ደጋው መንደር ያለው ውሃ ይኸው ብቻ ነውና፣ የቆሙት ሴቶች ሬሳውንም ባዶ ጀሪካናቸውንም እኩል ያዩ ነበር። የሚያለቅስ አልነበረም።

ከላሊበላ የተጠራችው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር ማኅሌት፣ መጀመሪያ የሟቹን እጆች ገልብጣ አየች። ቀጥላ ጋቢውን አነሳች። ደርቆ እንደ ቁርበት ገትሯል፤ ጥለቱ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

«ማጠራቀሚያውን ሊያጥብ ሲወርድ አዳልጦት ነው» አሉ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጋሻዬ። «ጋቢውን አውልቆ፣ ይኸው።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ከቆላዎቹ በቀር ማን አለ? የነሱ ጉድጓድ ጨዋማ ነው። ከምንጩ በቧንቧው መስመር ውሃ ይውረድልን ይላሉ። ለእኛም አልበቃ፣ አትክፈት አልነው፤ አልከፈተም።»

የሟቹ ሚስት የሺሃረግ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«ባለቤትዎ ትናንት ወዴት ሄዱ?» አለቻት ማኅሌት።

«ቆላ እወርዳለሁ ብሎኝ ወጣ።»

«ቆላ ማን አለው?»

«ወንድሜ ምሥጋናው አለ። የጉድጓዱን ሞተር የሚያስነሳው እሱ ነው።»

ማኅሌት ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች። ከጉድጓዱ አጥር ውጭ ከብቶች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ምሥጋናው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተላት። የከብት መጠጫው ገንዳ ውሃው ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቋል።

«ደሳለን መቼ አየኸው?»

«ከቅዳሜ ገበያ ወዲህ አላየሁትም።»

«የዚህ አጥር ቁልፍ ሌላ ማን ጋ አለ?»

«ማንም ጋ የለም።»

ከጉድጓዱ ውሃ ተጎነጨች። ጨው ጨው አላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምንጩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ደሳለ ጋቢውን አውልቆ ገብቶ ቢሆን ጋቢው ባልረጠበ ነበር። ይህ ግን ርሶ የደረቀ ነው። አቶ ጋሻዬ፣ የዚህ ምንጭ ውሃ ሲደርቅ ጨው ይተዋል?»

«ኧረ! ማር ነው እንጂ።»

«የጉድጓዱ ግን ይተዋል። ስለዚህ ደሳለ መጀመሪያ የወደቀው እዚያ ነው። አጥሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ያ ሰው ከብት እየተጠማ ገንዳ ሙሉ ውሃ ደፍቶ አጥቧል። በዚህ ድርቅ ገንዳ የሚያጥብ፣ ከገንዳው የሚያጠፋው ነገር ቢኖረው ነው።»

ሁሉም ወደ ምሥጋናው ዞሩ። መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ያለ እናት ያሳደግኳት ልጄ ታማለች። ሐኪሙ ይህን ውሃ አታጠጣት አለኝ። መስመሩን ክፈት ብዬ ደሳለን ለመንኩት፤ ኮሚቴው ከልክሎኛል አለ። ገፋሁት። የገንዳው ጠርዝ ራሱን መታውና ውስጥ ወደቀ። ሳወጣው አይተነፍስም። በበቅሎ ጭኜ አመጣሁት፤ አዳልጦት እንዲመስል ጋቢውን ገፍፌ ዳር ዘረጋሁት። የሞተ ሰው ነው ያመጣሁት።»

ማኅሌት ወደ ማጠራቀሚያው ግድግዳ አመለከተች።

«ጥፍሮቹ ውስጥ የዚህ ግድግዳ አረንጓዴ አልጌ አለ። ግድግዳውም ተቧጥጧል። ውሃው ውስጥ ስትከተው ነፍሱ አልወጣችም ነበር።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ሲቀርብ ምሥጋናው እጆቹን ራሱ ዘረጋለት።

የሺሃረግ ተነስታ ወደ ወንድሟ ሄደች። ትመታዋለች ብለው ሊይዟት ተጠጉ። አልመታችውም።

«ልጅቷ ማን ጋ ናት?»

«ጎረቤት።»

ወደ አቶ ጋሻዬ ዞረች። «ሰው ይላኩና ያምጡልኝ። ከእንግዲህ ከኔ ጋር እዚህ ትጠጣለች።»

አቶ ጋሻዬ ሰው ላኩ።