መታጠፊያውን ንገሪው

የምነግራችሁን ነገር በሕልሜ አላየሁትም። ከሰውም አልሰማሁትም።

በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባለፈው ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። አስፋልቱ የሚለሰልስበት፣ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት ነው።

«ሙቀቱ ናላሽን አዙሮት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንደዚያ የሚያስብ ካለ ከዚህ በታች ባያነብ ይሻለዋል። ለእሱ ብዬ አልጻፍኩትም።

ስሜ ዩቺን ነው። ከታይናን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር አናናስ አምርቼ ገበያ አወጣለሁ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ያለኝ አባቴ ብቻ ነው። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከተማ ወስጄ ደሙን ካላሳጠብኩለት ማለቁ ነው። በእኛ መንደር ደግሞ አውቶቡስ አያልፍም።

ስለዚህ መኪና ለእኔ ቅንጦት አልነበረም። የአባቴ እስትንፋስ ነበር።

አሮጌዋ መኪናዬ አልነሳ ብላ ስትቀር፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ኩንሾንግ የሚባል ሰው ፒክአፕ እንደሚሸጥ ሰማሁና ሄድኩ። ሰማያዊ ናት። ጋቢናዋ ሦስት ሰው ይይዛል። ቀለሟ እንኳ አልተጫረም።

«አባቴ የነዷት ናት፣ እትዬ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የያዟት።»

«አባትህ የት አሉ?»

«አርፈዋል።»

ዋጋ ስጠራ አልተከራከረኝም። እንዲያውም ካልኩት ላይ ቀነሰልኝ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ... ግን የአባቴ የሕክምና ቀን በማግስቱ ነበር፤ ቸኮልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ከግቢው ስወጣ በስፖኪዮ አየሁት። ከኋላዬ ጨውና ሩዝ እየበተነ ነበር።

እኛ ዘንድ እንዲህ የሚደረገው ክፉ ነገር ከቤት ሲባረር ነው። እኔ ቂሏ ግን «መንገድሽ ይቃና» ማለቱ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩለት!

መሪዋ እንቢ ያለኝ በዚያው ቀን ነው።

ወንዙን የሚያሻግረው አሮጌ ድልድይ በእኛ በኩል ሲያልቅ መንገዱ ወደ ግራ ይጠማዘዛል። እዚያ ስደርስ መሪውን ለመጠምዘዝ ሞከርኩ። አልዞረም። ሌላ ሰው በሁለት እጁ አጥብቆ የያዘው ነው የሚመስለው። ፍሬን ረግጬ፣ ከብረቱ አጥር አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ከታች ውኃው ይታየኛል።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ዶንግሃይ ይባላል። አፉ ከመፍቻው ይፈጥናል።

«የመሪው ዘይት ነው» አለ። ቀየረ። ከፈልኩ።

በማግስቱ ያው ድልድይ፣ ያው እንቢታ።

«ፓምፑ ነው።» ቀየረ። ከፈልኩ።

«ዘንጎቹ ተበልተዋል።» እነሱንም ቀየረ። ከድጡ ወደ ማጡ። በመጨረሻ «የመሪው ሳጥን ነው» አለና፣ የአንድ ሙሉ ወቅት አናናሴን ጠራርጎ የወሰደ ዋጋ ነገረኝ። እሱንም ከፈልኩ። ምን አማራጭ አለኝ?

መኪናዋ አሁንም እንቢ አለች።

ዶንግሃይ በክሪክ አነሳትና መሪውን በትንሿ ጣቱ አሽከረከረው።

«ተመልከቺ! ቅቤ ናት! ምናልባት የሚቀየረው ክንድሽ ይሆናል፣ ዩቺን።»

«ክንዴን ተወውና ገንዘቤን መልስ።»

«ዕቃው ተገጥሟል፣ ገንዘቡ ተበልቷል» አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ካልተስማማሽ ራስሽ ሥሯ ገብተሽ ተኚ።»

ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ምንም አልነበረባትም። እንቢ የምትለው ድልድይና መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። ይህን ለዶንግሃይ ስነግረው «መኪና መንገድ አይመርጥም» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን እስካሁን አልረሳሁለትም።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ ድልድዩ ላይ እንደገና ቀጥ አለች። አባቴ አጠገቤ አመድ መስሏል። ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና ክላክሱን አይለቅም። ደሜ ፈላ።

እኛ ዘንድ ሰው ከቤቱ ውጭ ሲሞት ነፍሱ ከሞተበት ቦታ ተጠርታ ወደ ቤት ትወሰዳለች። ልጁ አብሮ ይሳፈርና ድልድይ በመጣ ቁጥር፣ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነግረዋል። የሞተ ሰው መንገድ አያውቅም። ካልነገሩት እዚያው ይቀራል።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም። በንዴት፣ ለማሾፍ ያህል ጮህኩ።

«እሺ ጌታዬ! ድልድይ ነው፣ ይሻገሩ! ከዚያ ወደ ግራ!»

መሪው ለቀቀ።

በእጄ ውስጥ ለስለስ ብሎ... ዞረ።

እኔ አልሳቅኩም። አባቴም አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመታጠፊያው እናገር ነበር። «ወደ ቀኝ ነው።» «ድልድይ ነው።» ከዶንግሃይ ዋጋ ይረክሳል። ዋናው ነገር አባቴ ሕክምናው አያምልጠው እንጂ፣ አለቃዬ በይኝ ብትል ኖሮ አለቃዬ እላት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ በሩ ላይ ተለጥፎ መቀመጥ ጀመረ። የመሃሉን ወንበር ባዶ ትቶ።

«ምነው አባ፣ ወደ እኔ ጠጋ በል እንጂ።»

«የት ልጠጋ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰውየው አለ አይደል...»

በሦስተኛው ሳምንት የመሃሉ ወንበር ረጥቦ አገኘሁት። መስኮቱ ዝግ ነበር። በመዳፌ ነካሁትና አሸተትኩት።

የወንዝ ጭቃ ይሸታል።

እዚያው ቆሜ ኩንሾንግ ጋ ደወልኩ።

«አባትህ የት ነው የሞቱት?»

«ለምን ፈለግሽው?» አለ።

«ኩንሾንግ! የት ነው የሞቱት?»

«ድልድዩ ላይ...» አለ። «መኪናዋ ሞተሯ ሳይጠፋ ተገኘች። እሳቸው ውኃው ውስጥ።»

«ነፍሳቸውን አልጠራችሁም?»

«ጠርተናል። በዚያችው መኪና ነው የሄድነው። ግን እኔና ወንድሜ በመሬቱ ተጣላን። መንገዱን ሙሉ ስንሰዳደብ መጣን። ድልድዩ ላይ የተናገረ ሰው የለም። ቤት ገብተን ነፍስ የሚጠራው የመቅደሱ ሰውዬ ‹ደርሰዋል ወይ?› ብሎ ቢጠይቅ፣ ቢጠይቅ... መልስ የለም።»

«እያወቅክ ሸጥክልኝ?»

«ከደጄ እንድትርቅ ነዋ! የተሸጠ ተሸጠ፣ ሴትዮ።»

ዘጋው።

ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ሌላ መኪና የምገዛበት ሳንቲም የለኝም። ብሸጣት ደግሞ ሌላ ምስኪን ላይ መጣል ነው። እልህ ያዘኝ። አባቱን ወስጄ በሩ ላይ ላራግፍለት ወሰንኩ።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ አባቴን ከሆስፒታል አወጣሁት። በየመታጠፊያው እየተናገርኩ ወደ ኩንሾንግ ቤት ነዳሁ። አባቴ ወዴት እንደምሄድ ገባው።

«ተይ» አለኝ።

«ዝም በል አባ።»

«መንገድ ማንም ይነግረዋል። ቤት የሚያስገባው ግን የልጁ ድምፅ ነው። አንቺ ልጁ አይደለሽም።»

«ልጁ ያደረገውን አየህ አይደል?»

«ተይ፣ ዩቺን... ተይ...»

አልሰማሁትም። ብሰማው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ኩንሾንግ የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ወጣ። የብረቱን በር ዘግቶ ከውስጥ ያዘው።

«አዙሪ! አዙሪና ሂጂ!»

«ዕቃህን ይዤልህ መጣሁ!»

«እዚህ እንዳታወርጂብኝ! በሕግ እጠይቅሻለሁ!»

«በሕግ? አባትህን ድልድይ ላይ ጥለህ?»

ራሴን በመስኮት አወጣሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ደርሰናል! ቤት ነው! ውረዱ!»

ክብደቷን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲጢጥ አለ።

ሰው እንደወረደላት ሁሉ መኪናዋ በአባቴ በር በኩል ከፍ አለች። በመሃል አይደለም... በበሩ በኩል። ያኔ ልብ አላልኩም። የኩንሾንግ ውሻ ግን ጭራውን ቆልፎ ከቤቱ ኋላ ገባ።

መኪናዋን ሳዞር መሪው ራሱ እየቀደመኝ ዞረ። ከዚያ ደጅ ለመሸሽ ከእኔ ይልቅ የቸኮለ ሰው ያለ ይመስላል። እኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ተገላገልን አባ! ተገላገልን!» እያልኩ፣ ከኩንሾንግ ቤት እስከ ድልድዩ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ በረርኩበት። ስለ መንገዱ ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም። ድልድዩን ጨረስኩ፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ መሪውን ያዝኩ።

እንቢ አለ።

አውርጄዋለሁ እኮ...

ታዲያ ያወረድኩት ማንን ነው?

ቀስ ብዬ ዞርኩ። አባቴ ቦታው ላይ ነው። ዓይኑ ክፍት ነው። ደረቱ ይነሳል፣ ይወድቃል።

«አባ?»

ትከሻውን ነቀነቅኩት።

ዝንብ መጣችና ዓይኑ ላይ አረፈች። ሄደችበት። ዓይኑን አልጨፈነም።

ስልኬ ጮኸ። ኩንሾንግ ነው። ድምፁ ጠፍቷል።

«ሴትዮ... ማንን ነው ያወረድሽብኝ?»

«አባትህን ነዋ...»

«አባቴ አይደለም። ይህኛው ክንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ደጄ ላይ ቆሞ ‹ዩቺን፣ ዩቺን› ይላል።»

ፕላስተሩን ነርሷ ስትለጥፍለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። የጠራሁት እኔ ነኝ፤ የሰማኝም የራሴ አባት ነው።

«ወደ ኋላ እንመለሳለን! ይዙሩ!» ብዬ መሪው ላይ ተንጠለጠልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግሬ አልሠራም። ንቅንቅ አላለም። ከመሃሉ ወንበር ውኃ ወለሉ ላይ መውረድ ጀመረ።

ጠብ...

ጠብ...

«ኩንሾንግ» አልኩ፣ «ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገህ ወደ በሩ አዙርልኝ። እለምንሃለሁ።»

«መጀመሪያ ማይ። የእኔን አባት ሁለተኛ ደጄ ላታመጪ።»

«እምላለሁ!»

«በአባትሽ ማይ።»

«በአባቴ! አዙረው፣ አንተ አረመኔ!»

አዞረው።

«አባ፣ ዩቺን ነኝ። ከበሩ ወደ ግራ ታጠፍ።»

ከዚያ የኩንሾንግ ሹክሹክታ መጣ።

«ሰምቶሻል... ታጠፈ።»

«ቀጥ በል አባ። ማሳውን ይዘህ ቀጥ በል። አይዞህ፣ ቀጥ ያለ ነው።»

«አሁን አይታየኝም» አለ ኩንሾንግ።

ከመኪናው ወርጄ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ፣ ወደ ድልድዩ ማዶ እያየሁ ጠራሁት። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁት። ፀሐዩ አናቴን ይበሳዋል። በጋቢናው ውስጥ የአባቴ ትንፋሽ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ከዚያ በድልድዩ ማዶ፣ በመንገዱ ዳር ያለው ሳር ወደ ጎን ተኛ። ንፋስ አልነበረም።

«አባ» አልኩ፣ «ድልድይ ነው። ተሻገር።»

አንድ... ሁለት... ሦስት...

መኪናዋ በአባቴ በር በኩል ዝቅ አለች። አባቴ በረጅሙ ተነፈሰና ሳል አነቀው።

«ዩቺን...»

አለቀስኩ። እጁን ይዤ አለቀስኩ፣ ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀው ሴትዮ።

«አለሁ አባ። እዚሁ ነኝ። አጠገብህ ነኝ።»

እሱ ግን ግንባሩን ቋጠረ። ጆሮውን ወደ ድልድዩ ማዶ አዘነበለ።

«አንቺ እዚህ ከሆንሽ... ወዲያ የሚጠራኝ ማነው?»

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ኩንሾንግ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

«ሴትዮ... ድልድዩ ላይ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ደጄ ላይ ቆማ የምትጣራው ማናት?»

ከስልኩ ውስጥ ድምፅ መጣ። በጩኸት የሻከረ የሴት ድምፅ። የእኔ ድምፅ፣ እዚያ በር ላይ ጮኼ የተውኩት።

«አባ፣ ዩቺን ነኝ። ተመለስ። ደርሰናል።»

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

አባቴ እጁን ከእጄ አወጣ። የጋቢናውን በር ከፈተና ወረደ። በፀሐዩ ውስጥ ወደ መጣንበት መራመድ ጀመረ።

«መጣሁ፣ ልጄ» አለ።

ፊቱን ግን ወደ እኔ አላዞረም።