የትራክተሩ ሚዛን

ባለእርሻው በትራክተር መጋዘኑ ውስጥ በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቶ ተገኘ። ደረቱን የደፈጠጠው ራሱ በጣውላ ሣጥን ሞልቶ የሠራው የሲሚንቶ ክብደት ነበር። ትራክተሩ በፊት አካፋው ከባድ ነገር ሲያነሳ ወደፊት እንዳይደፋ፣ ከኋላው የሚንጠለጠል ሚዛን ነው። ባለእርሻው ክብደቱን ከጣሪያው ብረት በወረደ ሰንሰለት ከፍ አድርጎ፣ ከታቹ የተጣበቀውን ጣውላ በመዶሻ ሊያላቅቅ ከስሩ ገብቶ ነበር። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ጫፉ ላይ ከሲሚንቶው ሾልኮ የወጣ የብረት ማንጠልጠያ ይዞ ቀርቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ የአካባቢው ፖሊሶች «አደጋ» ብለው ሊዘጉት ጥቂት ነበር የቀራቸው። እሷ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ወደ ማንጠልጠያው ዞረች። እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ወፍራም ብረት ነው። እግሮቹን ዳበሰችና ጣቷን አሸተተች። ግራሶ ተቀብቷል።

የአካባቢውን ብረት በያጅ አስጠራችው። ሰውየው ላብ አጥምቆት መጣ።

«ይህ ያንተ ሥራ ነው?»

በያጁ ብረቱን አገላብጦ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «የኔ ነው፤ ግን እንዲህ አልነበረም። እግሮቹ ከታች እንደ መንጠቆ የታጠፉ ነበሩ፣ ሲሚንቶውን ነክሰው እንዲይዙ። ሣጥኑ ውስጥ ከፌሮው ጋር በሽቦ አስሬው ነው የሄድኩት።»

«ብረት የምትቆርጠው በምንድን ነው?»

«በግራይንደር።»

መርማሪዋ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞረችው። ግራይንደር የሚተወው የመቃጠል ምልክት የለበትም። የእጅ መጋዝ የተወው ቀጫጭን መስመር ብቻ ነው ያለው።

«ሰውየውን ትወደው ነበር?»

«እሱን ማን ይወደዋል?» አለ በያጁ። «ደንበኛዬ ነበር።»

የሟች ሚስት ሳሎኗ ውስጥ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል እንጂ እንባ የለበትም።

«ሲሚንቶውን የሞሉት እነማን ናቸው?»

«ባሌና ታናሽ ወንድሙ። ጠዋት ሣጥኑን አዘጋጁ፣ በያጁ ብረቱን አስሮ ሄደ። ምሳቸውን እዚህ በሉና ተመልሰው አቡክተው ሞሉት።»

«ከምሳው መሃል ተነስቶ የወጣ አለ?»

«ባሌ ሳይጨርስ ማን ይነሳል? የተነሳ ቀን ጉድ ይፈላል። እኔም እዚያው ምግብ ሳቀርብ ነበር።»

«እህቱስ?»

«እታለም ራሳቸውን አሟቸው ተኝተው ነበር። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከኛ ጋር አይበሉም።» ሴትየዋ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። «አሮጌው ትራክተር በአካፋው ጭነት አንስቶ ዳገት ላይ ወደፊት ተደፍቶበት ነው። ጠጥቶ ነበር ተባለ።»

የሟች ታላቅ እህት መስኮቱ ወደ መጋዘኑ በሚያይ ጓዳ ውስጥ ነው የሚኖሩት። መርማሪዋን ቁጭ በይ አሏት።

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ልጄን ያለ ሚዛን ዳገት የላከ ሰው ነዋ» አሉ ሴትየዋ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። «ሥራለት ብዬ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። ‹ምን አስቸኮለሽ› አለኝ። ይኸው ለአዲሱ ትራክተር በገዛ እጁ ሠራለት። ልጄ የሞተበትን መቀመጫ እንኳ አልማረውም፤ እንደ ጠጠር ሣጥኑ ውስጥ ከተተው።»

መርማሪዋ በመስኮቱ ወደ መጋዘኑ አየች። «ሲሚንቶው በተሞላበት ቀን መጋዘኑ ገብተው ነበር?»

«ደጁንም አልረገጥኩት። ተኝቼ ነበር።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣችና ሲሚንቶው በመዶሻ እንዲፈለጥ አዘዘች። ከጠጠሩ መሃል የዛገ የትራክተር መቀመጫ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድምየውን ለብቻው ወደ ጎን ወሰደችው። ሰዎች በዝምታው ምክንያት ጭምቱ ይሉታል።

«ይህን ማን ጨመረው?»

«ወንድሜ። ሲሚንቶ ለመቆጠብ ነው። በያጁ ከሄደ በኋላ፣ ለምሳ ልንወጣ ስንል ሣጥኑ ውስጥ ወረወረው። እታለም እንዳትሰማ አለኝ። ለሚስቱም አልነገርናት። ከምሳ ስንመለስ ወዲያው ሞላንበት።»

መርማሪዋ አራቱንም በተፈለጠው ሲሚንቶ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ማንጠልጠያው ሳይታወቅ የሚቆረጠው በያጁ ካሰረው በኋላ፣ ሲሚንቶው ከመሞላቱ በፊት ነው» አለች። «ይኸውም የምሳ ሰዓት ነው። የቆረጠው ሰው የማንጠልጠያውን እግሮች ከሽቦው ፈትቶ፣ መንጠቆውን ገዝግዞ ጣለና ቀሪውን ግራሶ ቀብቶ መልሶ አሰረው። ከላይ ላየው ምንም አልተነካም። ሲሚንቶው ሲደርቅ ክብደቱን ይይዛል፤ ከስር በመዶሻ ሲመታ ግን እየሾለከ ይመጣል።»

«እኔ አይደለሁም» አለ በያጁ።

«አይደለህም። ይህ መቀመጫ የገባው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ወንድማማቾቹና ሚስትየው አንድ ማዕድ ላይ ነበሩ። ስለ መቀመጫው ደግሞ ለማንም አልተነገረም፤ ከምሳ በኋላ ሲሚንቶ ውጦታል። ዛሬ እስኪፈለጥ ድረስ ሊያየው የሚችለው በዚያች ሰዓት ሣጥኑ ውስጥ የተመለከተ ሰው ብቻ ነው።» ወደ እህቲቱ ዞረች። «እርስዎ ግን ሳይፈለጥ በፊት ነገሩኝ።»

ሁሉም ወደ ሴትየዋ ዞሩ። እሳቸው መቀመጫውን ነበር የሚያዩት።

«ለመቁረጥ አልነበረም የገባሁት» አሉ። «ለልጄ የተነፈገው ነገር ምን እንደሚመስል ላይ ብዬ ነው። ጎንበስ ስል መቀመጫውን አየሁት። ከዚያ በኋላ መጋዙን ከግድግዳው ላይ እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።»

«ከስሩ ማን እንደሚገባ በምን አወቁ?»

«አላወቅኩም። ከሁለት አንዳቸው ይሆናል አልኩ። አንደኛው ልጄን ገደለው፣ ሁለተኛው ጠጥቶ ነበር ብሎ መሰከረበት። ማንኛቸውም ቢሆን ግድ አልነበረኝም።»

ጭምቱ የትራክተሩን ጎማ ተደገፈ። «እታለም፣ እኔ...»

«ለኔ አይደለም። ለሷ ንገራት።»

ሰውየው ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ልጁ ጠጥቶ አልነበረም» አለ። «ከሞተ በኋላ ልብሱ ላይ መጠጥ ያፈሰስንበት እኛ ነን። ወንድሜ ጠርሙሱን ሰጠኝ፣ እኔ አፈሰስኩት።»

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። እህቲቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ከዚያ በያጁንም የወንድማቸውንም ሚስት በየተራ እያዩ፣ «ሰምታችኋል አይደል?» አሉ።

«ሰምተናል» አለ በያጁ ቀስ ብሎ።

«ይበቃኛል።» ሻርፓቸውን አስተካክለው ማንም ሳይነካቸው ወደ ፖሊስ መኪናው ሄዱ።

«አንተም ትመጣለህ» አለችው መርማሪዋ ጭምቱን።

የመጣው መኪና አንድ ብቻ ነበር። ጭምቱ በሩን ይዞ ቆመ፣ መግባት አቃተው። እህቱ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ቦታ ለቀቁለት።