የጃኬቱ ሰንጢ

ሙሀሲን ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን አነሳ።

«አገኘሁት፣ እታለም» አለ። «መኪናዬ ውስጥ ወንበር ስር ገብቶ ኖሯል። ያኔ ልብሱን ስጭን ከጃኬቱ ወድቆ ነው መሰለኝ።»

ሐቢባ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከማድ ቤት ወጣች። ቀረብ ብላ ሰንጢውን አየችው እንጂ አልነካችውም። ልጇ ሰልዋ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ እንደተቀመጠች እጇን ወደ ሁዲዋ ኪስ ሰደደች። የአባቷ ሰንጢ እዚያው ነበረ። የእንጨት እጀታው በሰውነቷ ሙቀት ሞቅ ብሏል።

አጎቷ ዋሽቷል ማለት ነው። ውሸት ደግሞ ለሙሀሲን አይሆንለትም። ኅዳር ገብቶ ኦክላንድ ቀዝቅዞ ሳለ የእሱ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ከሳን ሆዜ ይዞት የመጣውን የፍራፍሬ ከረጢት እንኳ መሬት ማስቀመጥ ረስቶ በግራ እጁ አንጠልጥሎታል።

የሰልዋ አባት ባህረዲን ሰንጢ ሲያይ አያስችለውም ነበር። ሥራው ኤመሪቪል ውስጥ ከአንድ ትልቅ መደብር ዕቃ መቀበያ ነው፤ ከነጋ እስኪመሽ ካርቶን መክፈት። እሁድ ሲሆን ሳን ሆዜ ወንድሙ ዘንድ ይወርድና ሁለቱ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ማታ ኪሱ ከብዶ ይመለሳል። ሐቢባ «የሰው ባል መኪና ይቀያይራል፣ የኔው ሰንጢ!» እያለች ትስቅበት ነበር። አንድ የጫማ ካርቶን ሞልቶ ሁለተኛው ሲጀመር፣ አንድ ቀን ምን እንደታየው እንጃ፣ ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ዘረገፋቸው። እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ በመዳፉ እየመዘነ ዋለና ሦስት ብቻ አስቀረ። የቀረውን ለወዳጅ ለዘመድ አደለው።

«ለምን ሦስት?» አለችው ሰልዋ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች።

«ከዚያ ከበዛማ ወዳጅነት አይደለም፤ ትውውቅ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰንጢ አልገዛም። ገበያውን መዞሩን አልተወም፤ ያያል፣ ያነሳል፣ ይመልሳል። ትልቁ ጥቁር ለካርቶን ነው፣ ከሱሪው ኪስ አይለይም። ጣት የምታክለዋ ከቁልፉ ጋር ተንጠልጥላለች። ባለ እንጨት እጀታው ደግሞ ለፍራፍሬ ሆኖ ጃኬቱ ውስጥ ይኖራል። ማታ ሲገባ በሩ አጠገብ ያለችው ሰሃን ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ሰልዋ መኝታ ቤቷ ሆና የሰሃኑን ቂው ቂው ስትሰማ አባቷ መግባቱን ታውቃለች። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ የመሳያ ድንጋዩን ውኃ እያርከፈከፈ ይስላቸዋል፤ እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ አሳሳሉን ተምራለች።

ሰንጢ ሲያውስ በእጁ አይሰጥም ነበር። ስለት ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ያጣላል ይላል። አስቀምጦ እጁን ያነሳል፤ የፈለገ ሰው ያነሳዋል።

«ዳድ፣ ዛት ኢዝ ሶ ራንደም፤ ምን አገናኘው?» ትለው ነበር ሰልዋ።

«ራንደም ይሁን። ብቻ አንጣላ።»

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ልቡ ታመመ። ሆስፒታል የገባው ያንኑ ጃኬት እንደለበሰ ነው። ስለሚበርደው ጃኬቱን ከብርድ ልብሱ በላይ ደርበውለት ነበር፤ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ይተኛል። አንድ ቀን ነርሷ ወጣ ስትል ሰንጢውን አውጥቶ ለሰልዋ ኮክ ሊቆርጥላት ሞከረ። ስለቱ ልጣጩ ላይ ተንሸራተተ።

«ዶልዱሟል» አለ። «ቅዳሜ ስወጣ እስለዋለሁ።»

ቅዳሜ እንደማይወጣ ሰልዋ ከሐኪሞቹ ፊት አንብባ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው ሰንጢውን ከኪሱ ቀስ ብላ ወሰደች። እቤት በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ እሱ እንዳስተማራት፣ ወረቀት እስኪቆርጥ ድረስ ሳለችው። ጠዋት ኪሱ ልትመልስለት፣ ሲያገኘው ሲስቅ ልታየው ነበር ሐሳቧ። ጠዋት ግን ስልክ ተደወለና ከእናቷ ጋር እየሮጡ ወጡ። ሰንጢው በረንዳው ላይ ቀረ።

ሲደርሱ አባቷ መናገር አቅቶት ነበር። እጁ ግን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ይዳብሳል፣ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። ነርሷ በርዶት ነው ብላ ሌላ ብርድ ልብስ አመጣች። ሰልዋ ምን እንደሚፈልግ ስላወቀች እዚያ መቆም አልቻለችም። ኮሪደር ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ስትመለስ አልቆ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሐቢባ ልብሱን ሰደቃ እንዲሰጥላት ሙሀሲንን ለመነችው፤ ጃኬቱም አብሮ ሄደ። ሰሃኑ ላይ ሁለት ሰንጢ ብቻ ስታይ ነው ሦስተኛው ትዝ ያላት።

«የወንድምህን ኪስ እንኳ ሳታይ ነው የሰጠኸው?» አለችው፣ ቤቱን በሞላው ለቀስተኛ ፊት።

ሙሀሲን ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ጃኬቱን ፍለጋ ልብሱን ወደ ሰጠበት ቦታ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሰሙት ከሰው ነው። ኦክላንድ መምጣቱንም ተወ፤ ለዒድ በስልክ ብቻ እንኳን አደረሳችሁ አለ። እናቷ ሙሀሲንን የወቀሰችው ዕለት ሰልዋ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። «እኔ ጋ ነው» ለማለት አፏን ከፍታለች። ግን «እኔ ጋ ነው» ካለች የሚቀጥለው ጥያቄ «መቼ ወሰድሽው?» ነው። ሻዩን አዞረች። ከዚያ በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እያለች፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ እቤት መሳቢያዋ ካልሲ ውስጥ ደብቃው፣ ስትመለስ ኪሷ እየከተተችው ኅዳር ደረሰ።

አሁን እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰንጢ አነሳች። አገላበጠችው። ከሶፋው ላይ ሆና ሰልዋም አየችው። ሙሀሲን ተመሳሳዩን ፈልጎ አግኝቷል። አዲሱ እጀታ ያረጀ እንዲመስል በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎታል፣ ዘይት አጠጥቶታል። የአባቷ ሰንጢ እጀታው ላይ በእሳት የጠቆረ ምልክት ነበረው፤ እሱንም አልረሳውም። ብቻ ያጠቆረው በወዲያኛው ጎን ነው። በአእምሮው እያስታወሰ ሲሠራ ቀኙና ግራው ተምታቶበታል። 

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐቢባ። «ክፉ ቃል ተናግሬሃለሁ፣ ሙሀሲን። አውፍ በለኝ።»

«ኧረ ተይ እታለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ኪሱን ማየት ነበረብኝ።»

ከረጢቱን እስካሁን ማንጠልጠሉ ያኔ ታወቀውና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከግቢው ዛፍ የለቀመው ፐርሲመን ነው፤ ቲማቲም የሚመስል፣ እንደ ፖም እየተቆረጠ የሚበላ። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ባህረዲን ቆርጦ በሰንጢው ጫፍ ያቀብላቸው ነበር። ሐቢባ አንዱን አንስታ ቆረጠችው። ስለቱ ከመቁረጥ ይልቅ ፍሬውን ጨፈለቀው።

«ዶልዱሟል» አለ ሙሀሲን። «ሌላ ጊዜ እየመጣሁ እስልልሻለሁ።»

ድምፁ የባህረዲንን ድምፅ መሰለ። ሦስቱም ፍሬውን በሉ። ሰልዋ ጣዕሙ አልታወቃትም።

«ሰልዋ፣ ትምህርት እንዴት ነው?»

«ፋይን... ደህና ነው፣ አጎቴ።»

«በርቺ። በሉ፣ ፍሪዌዩ በመኪና ሳይጨናነቅ ልሂድ። ስደርስ ኮል አደርጋለሁ» ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ ሰሃኗን አየት አድርጎ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ሐቢባ ሰንጢውን ጠርጋ አጠፈችውና ሰሃኑ ላይ ከሁለቱ ጋር አኖረችው። ሦስት ሆኑ። ሰልዋ ተነሳች። ዝም ብትል ሁሉም ነገር በሰላም እንደሚያልፍ ገብቷታል። እናቷ ታርቃለች፣ አጎቷ መምጣት ይጀምራል፣ ሰንጢው ለዘላለም የእሷ ይሆናል። አጎቷ ብቻ የወንድሙን ሰንጢ የጣለ ሰው ሆኖ ይኖራል። ሄዳ ኪሷ ውስጥ ያለውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ» አለች። «ኢት ወዝ ሚ። እኔ ነኝ።»

ሐቢባ ዞር አለች። ሰንጢውን አይታ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ያኛው የሱ እንዳልሆነ አውቄያለሁ» አለች። «የባህረዲንን እጀታ ምድጃ ላይ ጥዬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል።» ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት። «መቼ ወሰድሽው?»

ያ ጥያቄ መጣ።

«ከ... ቢፎር። ሊሞት ሲል። ልስልለት ብዬ ነው። ጠዋት ልመልስለት ነበር እማ፣ አይ ስዌር፣ ወላሂ። ረሳሁት። ከዚያ ኪሱን ሲዳብስ አላየሽም? ነርሷ በርዶት ነው አለች፣ አልበረደውም። ሰንጢውን ነበር የሚፈልገው። እኔ ወስጄበት ሳያገኘው ሞተ።»

የቀረውን ለቅሶ ዋጠው። ሐቢባ እጇን ይዛ ወደ ራሷ ጎተተቻት፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናቷ ጉልበት ላይ እንደ ሕፃን ተደፋች።

«አይቼዋለሁ» አለች እናቷ። «አንቺ ኮሪደር ላይ ሳለሽ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ጥብቅ አድርጎ ያዘው፤ ሰንጢው በወዲያኛው ኪስ ያለ መስሎኝ ነበር። ምን ይፈልግ እንደነበር አላውቅም ልጄ፤ አንቺም አታውቂም። ብቻ ከያዘው በኋላ አልዳበሰም።»

ሰልዋ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። እናቷም ለማንም ተናግራው አታውቅም። ሰንጢውን እያዩ ሁለቱም ከሐዘኑ ሰሞን የበለጠ አለቀሱ።

«ለአጎትሽ አትንገሪው» አለች ሐቢባ ፊቷን እየጠረገች። «ስንት ለፍቶበት ውሸቱ መታወቁን ቢሰማ በኀፍረት ይሞታል። እኔም የተቀበልኩት ለዚያ ነው። መጣላቱ ደከመኝ።»

ሰልዋ ወደ መስኮቱ ሄደች። የሙሀሲን መኪና እታች መንገዱ ዳር እንደቆመች ነበረች። ሞተሯ አልተነሳም። አጎቷ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጭኖ ግንባሩን ደፍቶበታል።

«እማ፣ አልሄደም።»

ሐቢባ ከኋላዋ መጥታ አየች።

«ውሸቱን እንዳወቅንበት ቢሰማ ያፍራል፣ አይ ኖው» አለች ሰልዋ። «ግን ሰንጢውን እኔ ጣልኩት ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ታርቀነውም እንደዚያ ብሎ ነው የሚያስበው።»

 ሰልዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰንጢ አነሳች። እናቴ አትሂጂ ትለኛለች ብላ ጠበቀች።

«ሹራብ ደርቢ» አለች ሐቢባ። «ብርድ ነው።»

ደረጃውን ወርዳ የመኪናውን መስታወት አንኳኳች። ሙሀሲን ደንገጥ ብሎ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና መስታወቱን አወረደ።

«ምነው ልጄ? የረሳሁት ነገር አለ?»

ሰልዋ መዳፏን ከፈተች። በመንገዱ መብራት እጀታውና የጠቆረው ምልክት ታየ፣ በትክክለኛው ጎን። ሙሀሲን አየው። 

«ከእርስዎ እጅ አልጠፋም፣ አጎቴ» አለች በአማርኛ፣ አንዱም ቃል እንዳይሳሳትባት ቀስ ብላ። «እኔ ጋ ነበር። ከመጀመሪያውም እኔ ጋ ነበር።»

ሙሀሲን እጁን ዘረጋ። ሰልዋ በእጁ አልሰጠችውም። በመስታወቱ ክንዷን አስገብታ ሰንጢውን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊቱ አስቀመጠችና እጇን አነሳች።