የወንድይራድ ቅል

ደርበው ያኒን በሩ ላይ ሲያየው ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ራሱ ነው! የጎሬው ፈረንጅ ነጋዴ የሙሴ ኒኮላ ልጅ! አባቱ ከስረው መቱ ወርደዋል፤ እሱም እዚህ አዲሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊገባ መጥቷል።

«እግዜር አመጣልኝ» አለ ደርበው በሆዱ።

የደርበው አባት የጉምሩክ ጸሐፊ ናቸው። «ልጄ የፈረንጅ ቋንቋ ይወቅ» ብለው፣ አምና ጎሬ የፈረንጅ ነጋዴዎች ለልጆቻቸው በከፈቱት ትምህርት ቤት አስገብተውት ነበር። ሙሉ ክፍያ ከፍለው! ምን ያደርጋል፤ የፈረንጆቹ ልጆች ወንበር ላይ፣ እሱ ከኋላ መሬት ላይ። እነሱ በብርጭቆ፣ እሱ በዛገ ጣሳ። አንድ ቀን ተሳስቶ ብርጭቆ ቢያነሳ ያኒ ነጥቆት ውሃውን ደፋው፤ ብርጭቆውንም በአመድ አሳጠበ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

አሁን ግን አባቱ ወደ መቱ ተዛውረው፣ ደርበው እዚህ የክፍል አለቃ ነው። በዕረፍት ሰዓት ከእንስራው ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው።

እንስራው አጠገብ ሁለት መጠጫ አለ። ጣሳው የሁሉም ነው። ጫፉ የተሸረፈው ቅል የወንድይራድ ብቻ ነው፤ አባቱ ቀጥቃጭ ናቸውና፣ ጠይብ በጠጣበት ማንም አይጠጣም። ቅሉን የለየው ደርበው ራሱ ነው። መምህር አምባዬ አላዘዙትም። እቤቱ እንደሚያየው አደረገ እንጂ ነገሬም አላለው።

ዕረፍት ሲሆን ቅሉን ሞልቶ ለያኒ ሰጠው።

«እንካ፣ ያንተ ይኸ ነው።»

ያኒ ላብ አጥምቆታል። ምንም ሳያውቅ ጠጣና በተሰባበረ አማርኛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። «በጠይቡ ቅል! ኧረ ጉድ!» የደርበው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ወንድይራድ ግን አልሳቀም። መጥቶ ቅሉን ከያኒ እጅ ወሰደ።

«ጎሬ ያደረጉህን ስትነግረን እንባህ መጥቶ ነበር» አለው ደርበውን። «እኔም አብሬህ ተናድጄ ነበር።»

«እና?»

«እናማ ልታዋርደው ስትፈልግ የኔን ቅል ሰጠኸው። ከሱ የከፋ ነገር አጣህ፣ አይደል?»

«ኧረ እኔ አንተን አስቤ አይደለም...»

«ዲሲ!» አለው በኦሮምኛ። «ተወኝ!» ቅሉን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። ስብርባሪው ደርበው እግር ሥር ተበተነ። «በል፣ አለቃ፣ አሁን በምን ልታጠጣኝ ነው?»

የደርበው ፊት ጋለ። «የቀጥቃጭ ልጅ እኔን!» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ቀረ። ያኒም ያን ቀን ብርጭቆውን ሲነጥቀው እንዲሁ በዘሩ ሰድቦት ነበር የጀመረው።

«ሌላ ቅል ይምጣለት» አለ አሰፋ ከኋላ። «እኔ ከሱ ጋር አልጠጣም። እናቴ ትገድለኛለች!»

የደርበውም እናት፣ እትዬ ወለተ ማርያም፣ ቢሰሙ ጠበል ሳያስረጩት ቤት አያስገቡትም። ያውቃል። ቢሆንም ጣሳውን ሞላና ለወንድይራድ ሰጠው።

ወንድይራድ ዓይኑን ሳይነቅልበት ጠጣ። ገሚሱን አስቀርቶ መለሰለት፤ ሊፈትነው ነው። ደርበው ጫፉን ሳይጠርግ ጨለጠው። አሰፋ «በስመ አብ!» ብሎ ሸሸ።

ያኒ እዚያው እንደቆመ ነው።

«ለምን ሳቁ?» አለ።

ደርበው ሲያየው ያ የጎሬው ሳቅ እንደገና ተሰማው። ይቅር አላለውም፤ ሊለውም አላሰበም። ቢያንስ ግን እንዲህ ተደብቆ አይወጋውም። ጎሬ በለቀማት ፈረንሳይኛ አናገረው።

«ተቀመጥ። መጀመሪያ አንተ ያደረግህብኝን እነግርሃለሁ። ቀጥሎ እኔ ዛሬ ያደረግሁትን።»