ከዓይናቸው ሥር ያለችው ምልክት

በላውንደሪ ቤት ልብስ የምትተኩሰው ልጅ ፎቶ ቤቱ የገባችው የእናቷን ፎቶ ለማሳተም ነበር። እናትየው በሌላ አገር ብቻቸውን ቀርተዋል፤ እሷ ዘንድ እንዲመጡ ማመልከቻ ልታስገባ ነው። በስልክ የላኩላትን ፎቶ ለፎቶ አንሺው አሳየችው።

«ቁርጥ አንቺን!» አለ። ቀና ብሎ አያት።

ደስ ሊያሰኛት ብሎ የእናትየውን ፊት በኮምፒውተሩ አለሰለሰው። ከመጨማደዱ ጋር ከግራ ዓይናቸው ሥር የነበረችው፣ ልጅቱም የወረሰቻት ጠቆር ያለች ምልክት አብራ ጠፋች። ሁለቱም ልብ አላሉም።

«ውይ፣ እማዬ ልጅ ሆነችልኝ!» ብላ ሳቀች።

እናትየውም በስልክ ሲያዩት፣ «ማነው ይሄ ልጅ? ሙሽራ አደረገኝ እኮ! እኔስ አርጅቻለሁ፣ ላንቺ ይሁንልሽ» አሉ።

የመግቢያ ፈቃዱ ዘገየ። ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ ፎቶ የሚነሱበት በርጩማ ላይ አረፍ ማለት ለመደች።

«ዛሬስ?» ይላታል።

«በመታየት ላይ ነው አሉ።»

አንድ ቀን ካውያ ያጠቆረውን እጇን ያዘ።

«እንጋባ።»

«እማዬ ትምጣና።»

«ይምጡና» አለ እሱም።

እናትየው ግን ልባቸውን ታመሙ። በዚያው ሰሞን ማመልከቻው ተመለሰ፤ ፎቶው ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይመሳሰል ሌላ ይቅረብ፣ ጉዳዩም እንደ አዲስ ተራ ይጠብቅ ተባለ።

«ምልክቷን አጠፋሃት!» ብላ ጮኸችበት።

«እኔ እኮ ደስ እንዲልሽ ብዬ…»

«እንግዲህ ደስ ይበልህ!»

በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። እሱ ያልተነካውን ፎቶ አትሞ ላውንደሪው ድረስ ወሰደላት። ተቀበለችው፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም። ከዚያ በኋላም በመስኮቱ በኩል ባለፈ ቁጥር ዓይኗን ከካውያው አላነሳችም።

እናትየው ፈቃዱን ሳያዩ ሞቱ። ወረቀቱ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ጥቁር ለብሳ ፎቶ ቤቱ ገባች።

«በትልቁ አትምልኝ። ሰው ሊያለቅስ ይመጣል፤ ግድግዳው ባዶ ነው።»

ፎቶውን ከፈተው። መጨማደዱም ምልክቷም እንዳሉ ናቸው። እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«እንዲሁ ልተዋቸው?»

«አትንካት» አለች። ፎቶውን እያየች፣ «ያኔ እኔም እኮ አይቼ ስቄያለሁ» አለችው።

ማተሚያው ወረቀቱን ቀስ እያለ ያወጣው ጀመር። መጀመሪያ ግንባራቸው፣ ቀጥሎ ዓይናቸው። ምልክቷ ብቅ ስትል ልጅቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

እሱ አጠገቧ ተንበርክኮ ከግራ ዓይኗ ሥር የወረደውን እንባ በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ምልክቷ እዚያው ነበረች።