የምሥራቅ ሰፈር መጠለያ በር

በአዲስ መልካ ከተማ ወላፈን እንደ ክረምት ዝናብ የሚጠበቅ ነገር ነው። የጋለው ነፋስ ከበረሃው ሲነሳ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሰው ሥራውን ጥሎ ወደየሰፈሩ መጠለያ ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ወጥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ውጭ የቀረ ግን አይተርፍም።

የመጠለያዎቹን ፕላን የምታዘጋጀው አርክቴክት ሐመልማል ናት። የነደፈችውን የሚገነባው «ሸማኔ» የተባለው ማሽን የድንጋይ ዱቄት እያቀለጠ፣ እንደ ድር እየደራረበ ግድግዳ ያቆማል። ፕላኑ ላይ ካለው አይቀንስም፣ የሌለውን አይጨምርም። ስለዚህ ሐመልማል ከሥዕሉ ጋር የምትጽፈው ዝርዝር መግለጫ፣ የብረቱ ውፍረትም ሆነ የበሩ አዘጋግ፣ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ነው።

ባለፈው ወላፈን የምሥራቅ ሰፈር መጠለያ በር ያለጊዜው ተዘጋ። ውጭ የቀሩት በሩ ሥር ሞተው ተገኙ። የውስጡን አየር የሚለካው «ትንፋሽ ቆጣሪ» ግን መጠለያው ገና ብዙ ሰው እንደሚችል ያሳይ ነበር። ከተማው «የበሩ ማሽን ተበላሽቶ ነው» አለ። የሐመልማል አለቃ ኢንጂነር ገብረሕይወትም በሩን እንደገና እንድትነድፍ አዘዟት።

ፕላኑን ከመንካቷ በፊት ቦታው ድረስ ሄደች። በሩን ደጋግማ ሞከረችው፤ እንከን አልነበረበትም። የተጣመመው፣ መብራት ቢጠፋ በእጅ ለመክፈትና ለመዝጋት ብላ ራሷ ከውስጥ በኩል የነደፈችው እጀታ ብቻ ነበር። ወፍራም ብረት ነው፤ የአንድ ሰው ጉልበት አይበግረውም።

የመጠለያው ጠባቂ ጋሽ ኢብሳ ከኋላዋ ቆመው ያዩዋታል።

«ጋሼ፣ ይኼን ምን አጣመመው?»

ሽማግሌው እጀታውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«እኛ ነና፣ ልጄ። በሩን ዘግተን፣ እንዳይከፈት ተጋግዘን ይዘነው።»

«ቦታ እያለ?»

«አየሩ የሚያልቅ መሰለን። ቆጣሪው አረንጓዴ ያበራል፤ በዚያን ሰዓት ማን ያምነዋል? እነሱ በሩን ይደበድባሉ፣ በየስማችን ይጠሩናል። ጎረቤቶቻችን እኮ ናቸው! ድምፃቸው ጸጥ እስኪል እጀታውን አልለቀቅነውም።»

ሐመልማል የሰማችውን ይዛ ኢንጂነሩ ዘንድ ገባች። ሰምተው ሲጨርሱ አልደነገጡም፤ ቀድመው የሚያውቁ መሰላት።

«ታዲያ ሰፈሩን በሙሉ እንሰር?» አሏት። «እውነቱ ከወጣ ይተላለቃሉ። ማሽኑ ነው እንበል፤ ማሽን አይቀየም። አንቺ እጀታውን አንሺው።»

አነሳችው። ሆኖም ልቧ አላረፈም። እጀታ ባይኖር በሩን በጠረጴዛ ያግዱታል፤ የጎረቤቱን ፊት እያየ ግን ይህን የሚያደርግ ሰው አይኖርም ብላ ተስፋ አደረገች። ስለዚህ በሩ ላይ፣ በሰው ዓይን ልክ፣ ሙቀት የማይበግረው የመስተዋት መስኮት ጨመረች።

ፕላኑን ለሰፈሩ ሰው ባቀረበች ቀን፣ በሩ በብርሃን ተሥሎ በአዳራሹ መካከል ቆመ። ነዋሪዎቹ እየዞሩ አዩት። የብረቱን ውፍረት ወደዱት። ስለ እጀታው መነሳት ማንም አልጠየቀም። በኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

«ልጄ፣ ይኼ መስተዋት ለምኑ ነው?»

«ውጭ ያለው ሰው እንዲታይ ነው።»

ሴትዮዋ ፊቷን ከመስተዋቱ አዞረች።

«ይቅርብን» አለች ሴትዮዋ።

ሰብሳቢው ድምፅ አሰጠ። መስኮቱ እንዲሰረዝ አብዛኛው ሰው እጁን አነሳ። ዘመድ የሞተባቸው ምኑም ሳይገባቸው ዙሪያቸውን ያያሉ። ሐመልማል ከተነሱት እጆች መካከል የጋሽ ኢብሳን አየች፤ ተጠግታም በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎም?»

«ልጄ» አሏት፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት፣ «ድምፃቸውን መቻል አቅቶኛል። ፊታቸውን ጨምረሽብኝ የት ልግባ?»

ሐመልማል ወደ ብርሃኑ ተመልሳ መስኮቱን በጣቷ ደመሰሰችው። በሩ ድፍን ሆነ። አዳራሹም አጨበጨበ።